ቡና ሲደፋ

ባለፈው እሑድ ኦክላንድ ዘመድ ቤት ቡና ስንጠጣ የሦስት ዓመቷ ልጅ ሲኒውን ክንዷ ላይ ደፋችው። እናቷ ወደ ቧንቧ ስትሮጥ እትዬ የጥርስ ሳሙና ይዘው ደረሱ፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም በቅቤና በሊጥ ነው ያደግሁት። መሐንዲስ ነኝና ስለ ሙቀት ልናገር፦ ቡናው ቢጠረግም ሙቀቱ ወደ ቆዳው ውስጥ መዝለቁን ይቀጥላል፤ ቅባት ደግሞ አምቆ ይይዘዋል። ያልተጣበቀውን ልብስና አምባሩን ቶሎ አውልቆ፣ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ማቆየት ነው። በረዶ ግን ቆዳውን ይጎዳል። ልጅ እያለቀሰ 20 ደቂቃ ረጅም ነውና ሰዓት ይያዝ፤ እኛ በ5 ደቂቃ ልናቆም ነበር። ውሃ የቋጠረውን አታፈንዱት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከነካ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ሐኪም ይየው፤ ሳን ሆዜ ላለነው ሳንታ ክላራ ቫሊ ሆስፒታል የቃጠሎ ማዕከል አለው። እትዬ እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።