ክፍያው ብቻ አይበቃም

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ውስጥ ዳቦ ገዝተን የምንከፍልበት ካርድ ብዙ ጊዜ ማስተርካርድ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2006 የማስተርካርድ ፋውንዴሽንን አቋቋመ። ፋውንዴሽኑ ዛሬ ራሱን ችሎ ለአፍሪካ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል።

ከ2017 ጀምሮ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተለይ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ይሠራል። የጎንደር መምህራንም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካናዳ ይላካሉ።

መምህራኑ ለምን? እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ። ስሠራው ማየት የተሳነውን ሰው ካላሰብኩ፣ ፕሮግራሙ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው። ክፍያው ተሸፍኖ፣ በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ክፍሉ መግባት ካልቻለ፣ ዕድሉ ግማሽ ነው።

ልጆች፣ በእናንተ ትምህርት ቤት በሩ የሚጠብበት ማን ነው? ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር በአማርኛ ተነጋገሩበት።