ፈቃድ ያለ መከታ እንዳይሆን

ሕግ የሚያወጣ ሹም አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባ፤ ሕጉ የሚወጣለት ነገር በጠባዩ ምን እንደ ሆነ ነው። ይህ ሳይመረመር የሚሰጥ ፈቃድ ለጊዜው ሕዝብን ደስ ቢያሰኝም ፍጻሜው ኀዘን ሊሆን ይችላል። ለዚህም በአሜሪካ አገር የባለ አራት ጎማው ሞተር ነገር ምሳሌ ይሆነናል።

ይህን ሞተር ነጂው እንደ ፈረስ በኮርቻ ተቀምጦ ይነዳዋል፤ የተሠራውም ለጭቃ፤ ለአሸዋና ለዳገት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ ባለ ሦስት ጎማውን በዚያ አገር መሸጥ ጀመረ። ነገር ግን እየተገለበጠ ብዙ ሰው፤ ይልቁንም ልጆችን ስለ ጐዳ፤ በ1988 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት ጋራ ተስማምተው ሽያጩን አቆሙ። ባለ አራት ጎማው ግን ቀጠለ፤ ገበሬውም አዳኙም እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል።

ከዚያም ነዋሪዎች በሕዝብ መንገድ ለመንዳት ፈቃድ ጠየቁ። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የሐትፊልድና የማኮይ ጐዳና የተባለው የዱር መንገድ በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፤ እንደ ሜትዋን ባሉ ትንንሽ የተራራ ከተሞች ጐብኚው በሞተሩ እስከ ምግብ ቤቱና እስከ ማደሪያው ይደርሳል። የድንጋይ ከሰል ሥራ በቀነሰበት አገር ባለ ሱቁ ከዚህ እንጀራ አግኝቷል፤ ይህም ጥቅም የሚናቅ አይደለም።

ዳሩ ግን የሞተሩ ጎማ ለስላሳና ነፋሱ ጥቂት ስለ ሆነ በአስፋልት ላይ እንደ መኪና ጎማ አይታመንም። በብዙዎቹም የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ በመታጠፊያ ላይ ያስቸግራል፤ ቁመቱም ከስፋቱ ጋራ ሲመዘን ለመገልበጥ ይቀላል። የሠሩት ፋብሪካዎች ራሳቸው በሕዝብ መንገድ እንዳይነዳ ያስጠነቅቃሉ። እንግዲህ የከተማው ሸንጎ ሠሪው የከለከለውን ሲፈቅድ ከባድ ኀላፊነት መሸከሙ ነው።

በዚያው ግዛት በ2004 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የመካከል መሥመር ባለው መንገድ ከመሻገር በቀር መንዳትን ከለከለ፤ በቀረውም ፍጥነቱን በሰዓት 25 ማይል፤ ማለት 40 ኪሎሜትር ያህል ወሰነ፤ ከ18 ዓመት በታች ያለውም የራስ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። በ2020 ዓ.ም. ግን መብራትና መስተዋት አሟልቶ ለተመዘገበ ሞተር ፈቃዱ ሰፋ። ሆኖም መብራት የጎማውን ጠባይ አይለውጥም።

በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፤ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ሰገነቱ አልተከለከለም፤ ያለ መከታ መተው ግን በደም ያስጠይቃል። የመንገድ ፈቃድም እንደዚሁ ነው። የየከተማው ሸንጎ አገሩን ስለሚያውቅ መንገዱን ይምረጥ፤ የፍጥነትን፤ የዕድሜንና የቁርን ወሰን ግን ለማንም ጥያቄ ብሎ አያላላ።

በአገራችንም የከተማ አስተዳደሮች ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት መንገድ ሲፈቅዱና ሲከለክሉ ይህንኑ ማሰብ ይገባቸዋል። የድኻውን እንጀራ ሳይዘጉ የመንገደኛውን ነፍስ መጠበቅ የሹም ዕዳ ነውና።