የግንቦት ልደታ፦ እናቶች የሚቆጠሩበት ቀን

ግንቦት 1 ሲቃረብ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ የንፍሮ እህል የሚሸምቱ እናቶች ይበዛሉ። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራውና አተሩ የሚገዛው ጎረቤት ባዋጣው ገንዘብ ነው። በዕለቱ ከደጅ ጉልቻ ይጎለታል፣ ትልቅ ድስት ይጣዳል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይቆላል። ንፍሮው ሲበስል በሰፌድ ይቀርባል፤ አላፊ አግዳሚውም "ኑ ቅመሱ" ይባላል።

ልደታ የእመቤታችን የድንግል ማርያም ልደት ናት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሐናና ኢያቄም ልጃቸውን የወለዱት ሊባኖስ ተራራ ላይ ነው። በዓሉ ከቤት ውጭ መከበሩም፣ ንፍሮውም የዚያ መታሰቢያ ነው።

የታሪኩ ሥር ግን ከሐና በብዙ ትውልድ ይርቃል፤ የሚጀምረውም በሕልም ነው። ጴጥሪቃና ቴክታ የሚባሉ ባልና ሚስት ሀብት ሞልቷቸው ልጅ አጥተው ሲያዝኑ ሕልም አዩ፦ ነጭ እንቦሳ ስትወለድ፣ እንቦሳዋም እንቦሳ ስትወልድ፣ እንዲህ ትውልድ ሲወርድ ቆይቶ የመጨረሻዋ ጨረቃን፣ ጨረቃዋም ፀሐይን ስትወልድ። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ከሴት ወደ ሴት ሲወርድ ሄርሜላ ላይ ደረሰ፤ ሄርሜላ ሐናን፣ ሐና ማርያምን ወለደች። ጨረቃዋ ማርያም፣ ፀሐዩ ክርስቶስ ነው። ሐናና ኢያቄምም ልጅ ከማግኘታቸው በፊት ሕልም አይተዋል፤ የማርያም ጽንሰት ነሐሴ 7 ይታሰባል።

ስማችን በአባትና በአያት በሚጠራበት አገር ይህ ትውፊት የዘር ሐረግን በእናቶች መቁጠሩ ሊከበር የሚገባው ነገር ነው። እናቶችን በአንድ ዕለት ማሰብ በሌላውም ዓለም ነበረ፤ እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ፣ የአገሩ ሰዎች ከክርስትና በፊት በብርዱ ወራት እኩሌታ "የእናቶች ሌሊት" ያከብሩ እንደነበር መዝግቧል። የእነሱ ሌሊት ከመጽሐፍ ላይ ቀረ፤ የእኛ ቀን ግን ዛሬም ድስት ይጣድበታል።

የሰፈሩን ልደታ የሚመሩት አሮጊቶች ናቸው። ንፍሮውን ባርከው ያድላሉ፤ ልጅ ላጣችው "ለከርሞ አቅፈሽ ነይ" ይላሉ፤ ሁሉም "አሜን" ይላል። ያገኘችውም በዓመቱ ስለቷን ይዛ ትመጣለች።

እነዚህ አሮጊቶች ሲያልፉ ወጉ አብሮ እንዳያልፍ ልጆቻችንን ይዘን ከደጅ እንውጣ። በዚያው ቀን የእናትዎን እናት፣ የእሷንም እናት ስም ይጠይቁና ለልጅዎ ያስጠኑ።