ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ክሬኑ ክንድ

ስለ ከባድ መኪና ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ቶን ይጭናል?» ነው። ስለ ክሬንም እንዲሁ፣ «ስንት ቶን ያነሳል?» ይባላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ጎዶሎ ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የወረደ ሾፌር የመኪና ልክ የሚታወቀው ዳገት ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ መሆኑን ያውቃል። ክሬን ለሚያንቀሳቅስ ባለሙያም ርቀቱ ያልተነገረው ቶን ምንም ትርጉም አይሰጠውም።

የደሴ መንገድ ብዙ የጭነት መኪና አሳልፏል። እ.ኤ.አ. በ1936 የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲዘምት ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው፤ ጦሩ እስኪያስጠግን ከአንድ ቀን በላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1941 ደግሞ በእንግሊዝ እዝ ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ በመኪና ተነስቶ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ተዋግቶ ደሴን ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ የፊያት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረው ፊያት 682 በኋላ «ኤንትሬ» በሚባለው ዓይነቱ አገራችንን አዳረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼም አዲስ አበባ ላይ ፊያትን፣ ቀጥሎም ኢቬኮን መገጣጠም ያዘ። ዛሬ መስመሩን የያዙት ሲኖትራክና አይሱዙ ናቸው። ቁልቁለቱ ግን ያው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት መንገዱ ወደ 650 ሜትር ይወርዳል። ከነተሳቢው 40 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ 255 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኃይል ይለቃል። ይህ ኃይል በአራት በርሜል የተሞላ ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ግድም ለማሞቅ ይበቃል። የተወሰነውን ጎማውና አየሩ ይካፈሉታል፤ የቀረው ግን ሞተሩ ወይም ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ሌላ መሄጃ የለውም።

ሾፌሩ ቢፈጥንም ቢያዘግምም የሚለቀቀው ጠቅላላ ኃይል አይለወጥም። የሚለወጠው ጊዜው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በ25 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 170 ኪሎ ዋት መወገድ አለበት፤ በ30 ቢወርድ ይህ በግማሽ ይቀንሳል። ብረት ሙቀትን ወደ አየር የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ስለሆነ ይህ ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ፍሬኑ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የፍሬን ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍቶ ታምቡሩን ይይዛል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ሙቀቱ ሲበዛበት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሾፌሩ አጥብቆ በረገጠ ቁጥር ታምቡሩ ይብስ ይግላል፣ ፍሬኑም ይብስ ይለቃል። መድኃኒቱ ከመውረድ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና መኪናውን በሞተሩ መያዝ ነው። ናፍጣ ሞተር ግን ነዳጅ ሲቋረጥበት እንኳ የጨመቀው አየር መልሶ ስለሚገፋው ብቻውን ብዙ አይዝም፤ ለዚህ ነው የጭስ መውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን የተሠራው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ ይህን ሁሉ መጣል ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሁሉ ነፍስ አሲዞ ነው የሚወርደው።

የጥንቶቹ የእንግሊዝ የጭነት መኪናዎች እዚህ ላይ የሚያስተምሩት አለ። በእንግሊዝ ለከባድ ጭነት መኪና የተፈቀደው ፍጥነት እስከ 1957 እ.ኤ.አ. በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ፎደንና ኢ.አር.ኤፍ. የመሳሰሉት አምራቾች ብዙ ጊዜ ይገጥሙት የነበረው የጋርድነር ሞተር፣ ለምሳሌ 8.4 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 102 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 1,700 ዙር ላይ ነበር። ዛሬ ብዙ የቤት መኪና ከዚያ ይበልጣል። ሆኖም ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ ብዙዎቹ ባለቤት እየቀያየሩ አሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ደሴ ላይ ሌላ ፈተናም አለ። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያን ያህል ይዳከማል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ክሬኑ እንለፍ። ሄንሪ ጄምስ ኮልስ እ.ኤ.አ. በ1879 ለንደን ላይ የመሠረተው ድርጅት በኋላ ሰንደርላንድ ከተማ ገብቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ አየር ኃይል በቶርኒክሮፍት አማዞን መኪና ላይ የተጫነ ክሬን ሠራ። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፤ ማንሳቱን፣ መዞሩንና ክንዱን ከፍ ዝቅ ማድረጉን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠሩታል። ዛሬ ያን ሥራ በአብዛኛው የዘይት ግፊት ይሠራዋል። በክሬኑ ላይ የሚሠራው ሕግ ግን ዛሬም አልተቀየረም፤ ክብደት በርቀት ይባዛል። በ3 ሜትር ላይ 10 ቶን የሚችል ክሬን በ10 ሜትር ላይ 3 ቶን ብቻ ይችላል፤ የክንዱ ክብደት ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ክንዱ ላይ በትልቅ ቁጥር የሚጻፈው ቶን የቅርቡ ነው።

ቢስቲማ ላይ፣ ወረባቦ ውስጥ፣ 1.5 ቶን የሚመዝን ትራንስፎርመር ክሬን ከተጫነበት መኪና ማውረድ ያስፈልጋል እንበል። ከመኪናው መሃል 2 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ 3 ቶን-ሜትር ይሆናል፤ አጥርና ጉድጓድ ተሻግሮ 6 ሜትር ቢርቅ 9። ጭነቱ ያው ነው፣ ለመገልበጥ የሚገፋው ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ለዚህ ነው የክሬኑ እግሮች ወደ ጎን የሚዘረጉት፤ መኪናው በጎማው ብቻ ሲቆም የሚገለበጥበት መስመር ከመሃሉ አንድ ሜትር ከሩብ እንኳ አይርቅም፣ እግሮቹ 5 ሜትር ስፋት ሲይዙ ግን 2.5 ሜትር ይሆናል። እግሩ የሚያርፍበት መሬትም መታየት አለበት። በአንድ እግር 10 ቶን ቢያርፍና ከእግሩ ሥር ያለው ሰሌዳ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በካሬ ሜትር ከ60 ቶን በላይ ጫና ይደርሳል፤ ዝናብ የጠጣ ዋልካ ይህን አይችልም። ሥሩ አንድ ካሬ ሜትር የሚሸፍን ወፍራም እንጨት ቢነጠፍ ጫናው ወደ 10 ቶን ይወርዳል። ስለዚህ ክንዱ ከመዘርጋቱ በፊት ወፍራም እንጨቱ ከመኪናው ይወርዳል፣ እግሮቹ እስከ መጨረሻው ይወጣሉ፣ ከዚያ ነው ሰንሰለቱ የሚታሰረው።