ከሳጥን ወደ ፊደል፦ የስልካችንን ስርዓተ ክወና መቀየርና ሲታመም ማከም

እንደሚታወቀው ዘመናዊ ስልክ ለተማሪ ከደብተር ያላነሰ ዕቃ ሆኗል። የትምህርት ጽሑፉ፣ ከክፍል ጓደኞች ጋር የሚደረገው ውይይት፣ ከቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ሁሉ መዳፍ በምታህል መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ይሁን እንጂ ስልኩ በተገዛ በሦስትና በአራት ዓመቱ፣ ገላው ሳይጫር፣ ባትሪው ሳይደክም፣ አዳዲስ ፕሮግራሞችን አልቀበልም ማለት ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ያረጀው አካሉ ሳይሆን በውስጡ ያለው ስርዓተ ክወና ነው፤ አምራቹ ማሻሻያ መላኩን አቁሟልና። ለመሆኑ ባለቤቱ ራሱ ስርዓተ ክወናውን ሊቀይረው ይችላልን? ቢበላሽበትስ ምን ያደርጋል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በአገራችን የጀመረው በፊደል ነው

አንድሮይድ የተጫነበት የመጀመሪያው ስልክ ለገበያ የቀረበው በ2008 ነበር። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ስልኮቹ ወደ አገራችን ሲገቡ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረባቸው፤ አማርኛ አያነቡም ነበር። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የተላከ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት በተቀባዩ ስልክ ላይ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር።

መንስኤው ምን ነበር? የፊደላችን መለያ ቁጥር አለመኖሩ አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ በ1999 ገብቷል። በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሀ» 1200፣ «ለ» 1208፣ «መ» 1218 እያለ የሚሄደው የመጀመሪያው ክፍል 384 ቦታዎች አሉት። ስለዚህ መልእክቱ በቁጥር ደረጃ ሳይጎድል ይደርስ ነበር። የጎደለው ቁጥሩን ወደ ሥዕል የሚለውጠው የፊደል ፋይል ነው። ስልኩ ቁጥሩን ተቀብሎ መልኩን ሲያጣ ሳጥን ይሥላል።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ የፊደል ፋይሉን ስልኩ ውስጥ መገልበጥ። ችግሩ ፋይሉ የሚቀመጥበት ክፍል የስርዓተ ክወናው መኖሪያ በመሆኑ ለባለቤቱ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አለመሆኑ ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች «ሩት» ማድረግ የሚባለውን፣ ማለትም የስልኩን የበላይ ሥልጣን መያዝን የተማሩት ለጨዋታ ወይም ለዝና ሳይሆን የገዛ ቋንቋቸውን ለማንበብ ነው። አንዳንዶች ስልኩ ሌላ ፊደል ሲያጣ የሚመለከተውን ተጠባባቂ የፊደል ፋይል ግዕዝ በያዘ ፋይል ይተኩት ነበር። ይህን ያልደፈሩት ደግሞ ኦፔራ ሚኒን ይጠቀሙ ነበር፤ በዚያ ማሰሻ ውስጥ አንድ ምርጫ ሲለወጥ ገጹ በሩቅ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ ፊደሉ እንደ ሥዕል ይመጣል።

ዛሬ አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች የግዕዝን ፊደል ይዘው ስለሚመጡ ያ ድካም ቀርቷል። ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ የስልኩ አካል የእኛ ቢሆንም በውስጡ የሚሠራውን የሚወስነው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የወንጪና የወለንጪቲ ሕፃናት

ይህን ነጥብ የሚያጎላ ሌላ ታሪክ በአገራችን ተፈጽሟል። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት፣ ማንበብ ለማያውቁ የወንጪና የወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 እንደተናገሩት፣ ሕፃናቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ ፕሮግራሞችን መክፈት ለመዱ፤ በአምስት ወራት ጊዜም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ሕፃናቱ ስርዓተ ክወና አልቀየሩም፤ የተዘጋ በር ነው የከፈቱት። ሆኖም የአካባቢያችን ወጣት መሣሪያውን ከላይ ከመነካካት አልፎ ውስጡን መመርመር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም።

ስልክ እንዴት ይነሳል?

ወደ ተግባሩ ከመግባታችን በፊት ስልክ ሲበራ የሚሆነውን መረዳት ያስፈልጋል። መብራት እንዳገኘ በዋናው ቺፕ ውስጥ በፋብሪካ የታተመ፣ ፈጽሞ የማይሰረዝ አንድ አጭር ፕሮግራም ይነቃል። እርሱ ቡትሎደር የተባለውን አስነሺ ይጠራል፤ ቡትሎደሩ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ማለትም በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመሩትን የሊኑክስ ከርነል ይጠራል፤ ከርነሉም አንድሮይድን ያስነሳል። እያንዳንዱ ተረኛ የሚቀጥለውን ከማስነሳቱ በፊት ማኅተሙን ይመረምራል። ማኅተሙ የአምራቹ ካልሆነ በር አይከፈትም።

አማራጭ ስርዓተ ክወና መጫን ማለት እንግዲህ ቡትሎደሩ ሌላ ማኅተም ያለውን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ሊሆን የቻለውም የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ነው። ስቲቭ ኮንዲክ በ2009 የጀመሩት ሳያኖጅንሞድ የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ በጎ ፈቃደኞች ላይንኤጅኦኤስ በሚል ስም ቀጥለውታል። ኡቡንቱ ተችና ፖስትማርኬትኦኤስ ደግሞ ከአንድሮይድ ውጭ ያሉ አማራጮች ናቸው።

አጫጫኑ በአጭሩ

አንደኛ፣ የስልኩን ትክክለኛ ሞዴል መለየት። አንድ የንግድ ስም በተለያየ ቺፕ የተሠሩ ሁለት ስልኮችን ሊሸፍን ይችላል፤ ለአንዱ የተዘጋጀው ሌላውን ይገድለዋል። በአገራችን በብዛት ከሚሸጡት ርካሽ ስልኮች አብዛኞቹ በላይንኤጅኦኤስ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ለሞዴላችሁ የተዘጋጀ ከሌለ «የሚቀራረብ» መሞከር አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሰነድን፣ ፎቶንና የስልክ ቁጥሮችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ቡትሎደር ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ በአብዛኛው ይጠፋል። ይህ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ስልክ የሰረቀ ሰው የራሱን ስርዓተ ክወና ጭኖ የባለቤቱን ምስጢር ለማንበብ በሞከረ ነበር።

ሦስተኛ፣ የወረደውን ፋይል ማረጋገጥ። ከፋይሉ ጋር የሚወጣ ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር አለ። ኮምፒውተራችሁ ካሰላው ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለያይ ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል ማለት ነው። በየመሐሉ በሚቆራረጥ መስመር ለሚያወርድ፣ ወይም ከጓደኛው በፍላሽ ለሚቀበል ሰው ይህ ምርመራ ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ ባትሪውን በሚገባ ሞልቶ መጀመር። ኮምፒውተሩም የራሱ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ቢሆን ይመረጣል። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅምና፣ ፋይል በሚጻፍበት መሐል የጠፋ ኃይል ብዙ ስልክ አበላሽቷል።

አምስተኛ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ በመንካት የገንቢዎችን ምርጫ መክፈት፣ ቡትሎደሩን እንዲከፈት መፍቀድ፣ ከዚያም ለሞዴሉ በተጻፈው መመሪያ መሠረት በኮምፒውተር መክፈት። ቀጥሎ ሪከቨሪ የተባለው የጥገና ክፍል ይጫናል፤ በእርሱ አማካይነት የቀድሞው መረጃ ይጸዳና አዲሱ ስርዓተ ክወና ይገባል። የጉግልን ፕሮግራሞች የሚፈልግ ሰው ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳቱ በፊት መጫን ይኖርበታል።

ሲታመም

ኮምፒውተሩ ስልኩን ካላየው በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። መደበኛ የዩኤስቢ ገመድ ሁለት ሽቦ ለኃይል፣ ሁለት ሽቦ ለመረጃ አለው። አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ግን የኃይሉን ብቻ ይዘው ስለሚሠሩ ባትሪ ይሞላሉ እንጂ መረጃ አያሻግሩም። ገመዱ ደህና ከሆነ ድራይቨሩን መመርመር ይከተላል።

ስልኩ አርማውን እያሳየ ደጋግሞ የሚጠፋና የሚነሳ ከሆነ አትደንግጡ። የመጀመሪያው መነሳት ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሩብ ሰዓት አልፎ ለውጥ ከሌለ ወደ ሪከቨሪ ተመልሶ መረጃውን እንደገና ማጽዳት ነው። የአሮጌው ስርዓት ቅሪት ከአዲሱ ጋር ሲጋጭ ይህ ምልክት ይታያል።

ኔትወርክ ከጠፋ ደግሞ *#06# ደውሉ። የሚታየው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የስልኩ መታወቂያ ነው፤ ብዙዎቻችን ያወቅነው ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ስልኮችን መመዝገብ በጀመረ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ የተቀመጠበት የማስታወሻ ክፍል ተሰርዟል ማለት ነው። ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ላይ ይህ የሚደርሰው በአብዛኛው ጫኚው «ሁሉንም አጽዳና ጫን» የሚለውን ምርጫ ሲነካ ነው። ስለዚህ ስልካችሁን ፒያሳ ለሚገኝ ባለሙያ ስትሰጡ፣ ፍላሽ ከማድረጉ በፊት ይህን ክፍል ገልብጦ እንዲያስቀምጥ ጠይቁት። የሌላ ስልክ ቁጥር መጻፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሕገወጥም ሊሆን ይችላል።

ስልኩ ጨርሶ ካልበራስ? በቺፑ ውስጥ የታተመው አጭር ፕሮግራም እንደማይሰረዝ አስታውሱ። የኮምፒውተሩ ገመድ ሲሰካ አንዳች ምልክት ከታየ ነፍስ አለው፤ ለሞዴሉ የተዘጋጀው የፋብሪካ ሶፍትዌር ሊመልሰው ይችላል። በመጨረሻም፣ ባዕድ ስርዓተ ክወና እንዳለ ቡትሎደሩን መልሶ መቆለፍ አደገኛ ነው፤ ማኅተሙ ስለማይመሳሰል ስልኩ በራሱ ላይ በር ይዘጋል።

ከመወሰናችን በፊት

ትርፉ ከኪሳራው ይመዘን። የተረሳ ስልክ የደኅንነት ማሻሻያ አግኝቶ ተጨማሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ አዲስ ለመግዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ በሌባ እጅ ሲወድቅ መከላከያው የሳሳ ነው። አንዳንድ የባንክና የሞባይል ገንዘብ ፕሮግራሞችም ማኅተሙን መርምረው አንሠራም ይላሉ። ከቤተሰብ የሚላክለትን ገንዘብ በዚያው ስልክ የሚቀበል ተማሪ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙከራ በዕለታዊ ስልካችሁ ላይ ሳይሆን በመሳቢያ ውስጥ በተረሳ አሮጌ ስልክ ላይ አድርጉት።

ውድ አንባቢያን፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሳጥኖቹ ሰልፍ ወደ ፊደል የተለወጠው መሣሪያው ውስጡ እንዴት እንደተሠራ የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬም የሚጠየቅ አልጠፋም። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ስልኮች በአማራጮቹ ዝርዝር ውስጥ የማይታዩት በአብዛኛው የሚያዘጋጅላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ሥራ ከእናንተ መካከል የሚጀምር ቢገኝ፣ በደባርቅም በዳባትም ላለው ተማሪ ስልክ ዕድሜ ይጨምርለታል።