ስንዴ የሚጎዳት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጥ ቤት ሥራ ስትገባ

ሥራ ለሰው ልጅ ክብሩም ኑሮውም መሆኑን የማያውቅ የለም። ይልቁንም አንድ ወጣት በራሱ ላብ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ የሚቀበልበት ቀን በወላጆቹ ዘንድ እንደ ታላቅ በዓል የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የሚገባበት ቤት ለእንግዳ የሚያቀርበው እህል ለሠራተኛው አካል ጠላት የሆነ እንደ ሆነ፣ ደስታው ከብርቱ አሳብ ጋራ ይመጣል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልናመለክት የወደድነው ይህንኑ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል፤ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውም መንገድ ከቡሬ ይገነጠላል። መንገደኛ በሚያርፍበት ስፍራ ሁሉ ምግብ ቤት መኖሩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በገበዝ ማርያም አገር ያደገች አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ከምታገኛቸው አንዱ የወጥ ቤት ወይም የአሳላፊነት ሥራ ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ያለባት ናት እንበል።

ሴሊያክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አይደለም፤ ለበሽታው መጋለጥ በዘር የሚወርድ ነው እንጂ። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚያገኝ ይገመታል። በስንዴ፣ በገብስና ፈረንጆች ራይ በሚሉት እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ግሉተን የበላ እንደ ሆነ፣ አካልን ከበሽታ የሚጠብቀው ኀይል ተሳስቶ የራሱን አንጀት ይዋጋል። በቀጭኑ አንጀት ውስጥ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጕር የቆሙ፣ የምግብን ጥቅም ወደ ደም የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነርሱ ሲጎዱ ሰውየው ጠግቦ እየበላ እንደ ተራበ ይሆናል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል፣ ደሙም ያንሳል፤ ሕፃን ከሆነ ዕድገቱ ይጓተታል። በአገራችን ይህን የመሰለ ምልክት ሲታይ የኮሶ ወይም የሌላ የሆድ ትል ነገር መስሎ መድኃኒት ሊጠጣበት ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ሐኪም ደም መርምሮ፣ ከቀጭኑም አንጀት ጥቂት ቆርጦ ሲያይ ነው። ከምርመራው አስቀድሞ ስንዴና ገብስ መተው ምልክቱን ስለሚያጠፋ፣ ሐኪሙ ሳያዝ መተው አይገባም።

የበሽታውን ነገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ጽፎበታል፤ በለንደንም ሳሙኤል ጂ የሚባል ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ፈውሱ የሚገኘው ከምግብ መሆኑን አመልክቷል። ነገር ግን የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ያስረዳው የሆላንድ ሰው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. መካከል በነበረው ክረምት በሆላንድ ብርቱ ራብ ሆኖ ዳቦ በጠፋ ጊዜ፣ ሌላው ሰው ሲከሳ እነዚህ በሽተኞች ልጆች ዳኑ። ዳቦ በተመለሰ ጊዜ ግን ሕመማቸው ተመለሰ። ዲከም ነገሩን መርምሮ በ1950 ዓ.ም. ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ አስረዳ። እስከ ዛሬም ቢሆን ሐኪሞች የሚያዝዙት መድኃኒት ግሉተን ያለበትን እህል ፈጽሞ መተው ነው።

ለጎጃም ሰው የሚያጽናናው ነገር የገዛ አገሩ እህል መድኃኒቱ መሆኑ ነው። የሆላንድ ሊቃውንት በ2005 ዓ.ም. መርምረው በጤፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን በሽተኛ የሚጎዳ ግሉተን እንደሌለ አስታውቀዋል። በቆሎ፣ ዳጉሳና ማሽላም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ከጤፍና ከዳጉሳ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ አይጎዳም፤ ገብስ ወይም ስንዴ የገባበት ግን ይጎዳል። ዳቦ፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ ፓስታና ሳምቡሳ ሁሉ የተከለከሉ ናቸው። በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላና ቢራም እንዲሁ ነው፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን እህል የለበትም።

ይሁን እንጂ ንጹሑ ጤፍ እስከ ገበታ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል ማለት አይደለም። ከእርሱ በፊት ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ የስንዴውን ዱቄት ከጤፉ ጋራ ይቀላቅላል። ገብስ ከገባበት ሊጥ የተረፈ እርሾ አዲሱን ቡሖ ያበላሻል፤ ቡሐቃው፣ ምጣዱና ማሰሻውም ካልተለዩ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ እናት ለልጇ ጤፉን በወንፊት ብትነፋ ከአውድማ የተቀላቀለው የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀርላታል፤ ቀጥሎም በታጠበ የድንጋይ ወፍጮ በቤቷ ብታስፈጭ፣ የራሱንም እርሾ ብታቆይ መልካም ነው። ጥንቃቄው የበዛ የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ፦ ዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ አውጪ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ምግብ ግሉተን የለበትም የሚባለው በአንዱ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ሲገኝበት ነው፤ እንግዲህ አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ አትናቅም።

በምግብ ቤቱ ያለው አደጋ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ዱቄት ሲነፋ አቧራው በአፍና በአፍንጫ ገብቶ ስለሚዋጥ፣ ልጅቱ ዳቦ በሚጋገርበት ክፍል ባትመደብ ይሻላል። ዳቦ ተሸክሞ ለእንግዳ ማቅረብ ግን እጇን ታጥባ እስከ በላች ድረስ አይጎዳትም። ወጥ የሚሠራ ሰው ጨው መቅመሱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ የማታውቀውን ወጥ ሌላ ሰው ይቅመስላት። ማንኪያዋና ሳህኗ የተለዩ ይሁኑ። ምሳዋንም ከሠራተኞች ገበታ ከማንሣት ይልቅ በአገልግል ከቤቷ ይዛ ትሂድ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የሰው ፊት ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የቤቱ እመቤት ከማዕዷ ቆርሳ ጉርሻ ስትሰጣት አልቀበልም ማለት ንቀት ወይም ኩራት ይመስልባታል። ልጅቱም ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ዝም ብላ ትጎርሳለች፤ በማግስቱ ታማ ትቀራለች፤ ሦስት ጊዜ የቀረች እንደ ሆነ ሰነፍ ናት ተብላ ትሰናበታለች። እንግዲህ የፈራችውን ነገር ያመጣባት ዝምታዋ ነው። ስለዚህ ጉርሻው ሳይመጣ፣ ሥራ በምትቀበልበት ጧት እንዲህ ብላ ብትናገር ይሻላል፦ «እሜቴ፣ ማዕድዎን የምንቅ አይደለሁም። ስንዴና ገብስ ለአካሌ መርዝ ስለ ሆነ ሐኪም ከልክሎኛል። ምሳዬን ከቤቴ አመጣለሁ፤ ሥራዬን ግን እንደ ባልንጀሮቼ አሟልቼ እሠራለሁ።»

የአገራችን ሰው ይህን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። በጾም ቀን ሥጋ አልበላም ያለውን ሰው ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም ያከብረዋል። የዚህች ልጅ ነገር መፈሰኪያ የሌለው ጾም መሆኑን ቢያውቅ አሠሪው አይቀየማትም፤ ለጥቂት ብላ ብሎም አያስጨንቃትም። ደግሞም ማንኪያና ምጣድ መለየት የለመደ ወጥ ቤት፣ ይኸው ሕመም ያለበት መንገደኛ ሲመጣ ሳይሸማቀቅ ሊያስተናግደው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ በቅንነት የሚቀበል አሠሪ ስለዚህ ራሱም ይጠቀማል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ተመርምራ ይህ ሕመም የተገኘባት እንደ ሆነ፣ ወንድሞቿንና እኅቶቿንም አስመርምሩ፤ ሕመሙ በቅርብ ዘመድ መካከል ይደጋገማልና። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጧት ስትሸኟትም አገልግሏን ብቻ አስይዛችሁ አትስደዷት። ለአሠሪዋ የምትናገረውን ቃል አስቀድማ ለእናንተ ትናገር፤ በእናንተ ፊት ሳታፍር የተናገረችውን በሰው ፊትም መናገር አይከብዳትምና።