የማን ብር ማንን ያክማል?

አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ ገጠር የጤና መድን መዋጮ መሰብሰቢያ ይደርሳል። የከረመው ጥያቄም አብሮ ይነሣል፦ ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ያልረገጠ ሰው ብሩ የት ገባ?

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። አባወራው በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ለድሃ ድሃው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ገንዘቡ በወረዳው ቋት ይጠራቀማል፤ ላልታመመ አይመለስም።

ሌላም መንገድ አለ። ሲንጋፖር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሠራተኛው ደመወዝ እየቆረጠች በየስሙ የሕክምና ቁጠባ ታስቀምጣለች። ያልታመመ ሰው ብሩ ብሩ ነው፤ ሲሞት ለወራሾቹ ያልፋል። እድርተኛ ሆኖ እቁብ የሚጥል ሰው ልዩነቱን ለማየት አይቸገርም። ነገር ግን ከባድ በሽታ ቁጠባውን ጠራርጎ ስለሚወስድ፣ ሲንጋፖር ራሷ በ1990 እ.ኤ.አ. መድን ጨመረችበት። ደመወዝ የሌለው የጎጃም ገበሬማ ለአንድ ቀዶ ሕክምና የሚበቃ ብር እስኪያጠራቅም በሽታው አይጠብቀውም።

ስለዚህ ቋቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ አባልነቱ በፈቃድ ሲሆን ነው፦ በሽተኛ ያለበት ቤት ቀድሞ ይገባል፣ ጤነኛው ይወጣል፣ ቋቱ ይሳሳል። በግድ ይሁን ማለትም እዚህ አገር ቀላል አይደለም። የምሥራቅ ጎጃሟ የጥኖራ በደርግ ዘመን ስሙ የተጠራ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረባት። መሬትና በሬ በአንድ ሲጠቃለል፣ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ደግሞ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ያየ ሰው «አዋጡ» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ጥርጣሬውን የሚያባብሰው ግን ትዝታ ብቻ አይደለም። የመድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒት የለም» ከተባለና ከግል ፋርማሲ ከገዛ፣ ያው ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መዋጮ መሰብሰቡም፣ ሪፈር ይዞ ደብረ ማርቆስ መድረሱም ከበደ።

የወረዳ ቋት ጠባብ ነው፤ ጥቂት ከባድ ሕመምተኞች ያናጉታል። ወደ ዞንና ወደ ክልል ቢሰፋ ጉዳቱ ይከፋፈላል። ከዚህም ይልቅ የሚገርመኝ የደመወዝተኛው ነገር ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጥቶ ነበር፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ። ሠራተኛው ቅር ሲለው ጉዳዩ ለዓመታት ሲንከባለል ኖረ። መዋጮው ከፔሮል በቀላሉ የሚቆረጠው ሰው እንዲህ ሲታገሥለት፣ ጤፉን ሸጦ የሚከፍለው ገበሬ ቀድሞ ገባ፤ ያውም ለብቻው በተለየ ቋት።